ወንዙን የሚያስጮኸው ድንጋይ

እናቴ የማትወደውን የማሽን ቡና ሁለት ወር ሙሉ ጠጣች። አንድም ቀን «አልጣመኝም» አላለችኝም።

ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። አንድ ማክሰኞ ከሥራ በጊዜ ወጣሁ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ያለው ቤታችን ስደርስ የግቢው በር ገርበብ ብሏል። የከሰል ሽታ መጣብኝ። ወደ ጓሮ ዞር ስል እናቴ አጭሯ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። አንድ እጇን የሚያማት ጉልበቷ ላይ ጭና በሌላው ምድጃውን ታራግባለች። ጀበናው እሳቱ ላይ ነው። አጠገቧ ያለው ሲኒ አንድ ብቻ ነው።

ስታየኝ ደነገጠች። ልጅ ሆኜ ስኳር ስሰርቅ የደረሰችብኝ ጊዜ እኔ የደነገጥኩትን ያህል። «ጎረቤት ትመጣለች ብዬ ነው» አለችኝ። የምትመጣ ጎረቤት አልነበረችም።

እሺ ብዬ ገባሁ። ያ አንድ ሲኒ ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ማታ ራት ከበላን በኋላ ጠየቅኋት። «እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። የማሽኑን ቡና አትወጂውም?»

ዝም አለች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እህትህ ከዚያ ማዶ ሆና አስባ የላከችውን ዕቃ እንዴት አድርጌ አይረባም ልበል?» አለችኝ። «አንተስ ብትሆን፣ በጠዋት ተነስተህ የምታፈላልኝን?»

ለካ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ያውቁ ነበር። እኔ ሥራ ስሄድ እየሄደች የምትጠጣው እነሱ ቤት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርኩ የመጨረሻው ሰሚ እኔ ሆንኩ።

ይህ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። ቡናው መበላሸቱ አይደለም የሚከነክነኝ። ያን ቡና በየጠዋቱ ያፈላሁት እኔ መሆኔ ነው። ማሽኑ ሲለወጥ ሰምቻለሁ፤ አይቻለሁም። ሰምቼ አልፌው ነው።

ማሽኑ እንዴት እንደመጣ

ጀርመን ያለችው እህቴ ናት የላከችው። ሐኪሙ እናታችንን ከአጭር ዱካና ከከሰል ጭስ ራቂ ሲላት እህቴ አንድ ወር ሳይሞላ ላከችው። ውሃ ከኋላው ይሞላል፣ ቡናው ከላይ ማጣሪያው ውስጥ ይገባል፣ አንድ ቁልፍ ይጫናል። ከዚያ እያንጠባጠበ የብርጭቆ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ይወርዳል። መቀመጥ የለ፣ ማራገብ የለ።

ከጀርመን መምጣቱም ጠቅሞናል። የእነሱም የእኛም መብራት 220 እና 230 ቮልት አካባቢ ስለሆነ በቀጥታ ሰካነው። ከአሜሪካ ዕቃ የሚመጣላችሁ ግን መጀመሪያ ገልብጣችሁ ታችውን አንብቡ። 120 ቮልት የሚል ዕቃ እኛ ሶኬት ላይ ከተሰካ ዕድሜው ሰኮንዶች ነው።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ደህና ነበር። አንድ ሊትር ውሃ 10 ደቂቃ አካባቢ ይፈጅበታል። እናቴም «መቼስ ቡና ነው» ብላ ትጠጣ ነበር። እሷ ዘንድ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ከዚያ በኋላ መለወጥ ጀመረ። መጀመሪያ ቀስ አለ። 10 ደቂቃው 15 ሆነ፤ ከዚያ 25። ቀጥሎ ማጉረምረም ጀመረ። ጉርርር ይላል፣ ያስነጥሳል፣ ከላዩ እንፋሎት ይተፋል። አንዳንድ ቀን መሃል ላይ ቀጭ ብሎ ይጠፋና ትንሽ ቆይቶ ይነሳል። በመጨረሻም ግማሹን ውሃ ሆዱ ውስጥ አስቀርቶ ያቆማል። የሚወጣው ቡና ለብ ያለ ነው፤ ይመራል።

እኔ ምን አደረግሁ? ቡና ጨመርኩበት። ለብ ያለውም የሚመረውም በቡና ማነስ መሰለኝ። ለውጥ ሲጠፋ ደግሞ አልሜ ወቀጥኩት። ያ ቡና ማጣሪያውን ደፈነውና አንድ ጠዋት አተላው ጠረጴዛው ላይ ገነፈለ። ያን ቀን እናቴ ጠረጴዛውን እየጠረገች፣ «አይዞህ፣ ዕቃ ነው» አለችኝ። እያጽናናችኝ እኮ ነው! መጽናናት የነበረባት እሷ ሆና።

ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ማሽኑን አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ አልከፈተውም። ሰካው፣ ሰማው፣ ነቀለው። «ወንድሜ፣ ማሞቂያው ተቃጥሏል። ዕቃው እዚህ አይገኝም፤ ሌላ ግዛ» አለኝ። አመንኩት። አሁን ሳስበው ልጠይቀው የሚገባኝ አንድ ጥያቄ ነበር። ማሞቂያው ከተቃጠለ እንፋሎቱ ከየት ይመጣል? ማሞቂያው ወይም የውስጥ ፊዩዙ የተቃጠለ ማሽን ዝም ነው የሚለው። አይሞቅም፣ አይጮህም፣ አንድ ጠብታ አያወጣም። የሚጮህ ማሽን በሕይወት አለ ማለት ነው።

የሰማችው እሷ ናት

ማሽኑን ይዤ ተመለስኩና ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ማብቃቱን ላሳያት ብዬ ውሃ ሞልቼ ሰካሁት። ትንሽ ቆይቶ እንደለመደው ማጉረምረም ጀመረ።

እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋዋን አስቀመጠች። ተነስታ መጣችና አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጆሮዋን ወደ ማሽኑ አስጠጋች። ጀበናዋን የምትሰማው እንደዚህ ነው። ጀበና ሊገነፍል ሲል ድምፁ እንደሚለወጥ ታውቃለች፤ ዓይኗን ጨፍና እንኳ ታነሳዋለች። አሁንም እንደዚያ አዳመጠች። ከዚያ ቀና ብላ፣

«ወንዙን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ፣ ውስጡ ያለው ድንጋይ አሉ» አለች።

መጀመሪያ ተረት ብቻ መሰለኝ። እሷ ግን ወደ ምድጃው ሄዳ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አመጣች። ክዳኑን ከፍታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለችው። «እይ እስቲ» አለችኝ።

ታችው ነጭ ነው። እንደ ኖራ የተለሰነ፣ ሻካራ፣ አንዳንድ ቦታ እንደ ቅርፊት የተነሳ። ያን ማንቆርቆሪያ በየቀኑ አነሳዋለሁ። ውስጡን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። «ይሄን በየጊዜው በሎሚ ነው የማጥበው» አለች። «የማሽኗን ሆድ ግን ማን አጥቦላት ያውቃል? ጉሮሮዋ ታንቆ ነው እኮ።»

ማሽኑን ነቀልኩት። እስኪበርድ ጠበቅሁና ገለበጥኩት፤ የታችኞቹን ቪቶች በካቻቪቴ ፈታሁ። ውስጡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በጣም ውስብስብ ነገር ጠብቄ ነበር። ያለው የፈረስ ኮቴ የመሰለ የአሉሚኒየም ቱቦ ነው። ከሱ ጋር የተጣበቀ ማሞቂያ አለ። ሁለት የጎማ ቱቦዎች፣ ቱቦዎቹን የሚያስሩ ፋሼታዎች፣ ጥቂት ሽቦዎች። በቃ። ፓምፕ የሚባል ነገር የለውም።

ታዲያ ውሃው እንዴት ወደ ላይ ይወጣል? ጀበና ሲገነፍል አይታችሁ ታውቃላችሁ። ሲፈላ እንፋሎቱ ውሃውን ገፍቶ በአንገቱ ያወጣዋል። ማሽኑም የሚሠራው በዚሁ ነው። ውሃው ከማጠራቀሚያው ወደ ቱቦው ይወርዳል። እዚያ ሲፈላ እንፋሎቱ ውሃውን ወደ ላይ ይገፋል። ወደ ኋላ እንዳይመለስ አንዲት ትንሽ ቫልቭ ትከለክለዋለች። የተገፋው ውሃ ላይ ካለችው ባለ ቀዳዳ ማፍሰሻ ቡናው ላይ ይወርዳል። እናቴ በየጠዋቱ እንዳይገነፍል የምትጠብቀውን ነገር ማሽኑ ሥራዬ ብሎ ይዞታል።

አንዱን ፋሼታ አላልቼ የጎማውን ቱቦ ነቀልኩት። የአሉሚኒየሙን አፍ በስልኬ መብራት አየሁት። የክብሪት እንጨት የምታልፍበት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ሌላው ሁሉ ነጭ ድንጋይ ነው።

ጫፉን በጥፍሬ ስፈነቅለው የምስር ክክ የምታህል ቅርፊት ወጣች። እናቴ ሳትናገር አንድ ሎሚ ቆርጣ ሲኒ ውስጥ ጨመቀች። ቅርፊቷን ጣልኳት። አምቦ ውሃ ሲከፈት እንደሚለው ሽሽሽ አለች። በጥቃቅን አረፋ ተከበበች፤ ወጣች፣ ወረደች፣ ተሽከረከረች። ሁለታችንም ሲኒው ላይ ጎንበስ ብለን ቆየን። ሲበቃት እናቴ፣ «ድንጋይ ነዋ» አለች።

ድንጋይ ነው፤ ያውም የእንቁላል ቅርፊት የተሠራበት ዓይነት ድንጋይ። የከርሰ ምድር ውሃ በአለት ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየም ይዞ ይመጣል። ሲሟሟ አይታይም። ውሃው ሲፈላ ግን ይለያል፤ የጋለው ብረት ላይ ይጋገራል። በየቀኑ ትንሽ ነው። ከወራት በኋላ ጉሮሮ ይዘጋል።

የቀረውም ነገር ሁሉ ከዚህ ተፈታልኝ። ድንጋዩ ሙቀት በደንብ አያሳልፍም። ማሞቂያው ይግላል፣ ውሃው ግን በቂ ሙቀት አያገኝም። ብረቱ ሲግል ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ቀጭ ብሎ ይቆርጠዋል፤ ሲበርድ ይመልሰዋል። መሃል ላይ የሚጠፋው ለዚህ ነበር። ቀዳዳው ስለጠበበ ውሃው በትንሽ በትንሹ ነው የሚያልፈው፤ የሚበዛው እንፋሎት ነው። ውሃው የቡናው ዱቄት ላይ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ መራራውን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። እኔ ደግሞ እዚያ ላይ ቡና እጨምር ነበር።

ሎሚው

የእናቴ ዘመዶች የዘጌ ሰዎች ናቸው። ዘጌን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከጣና ዳር ጀምሮ እስከ ገዳማቱ ድረስ ጫካው ቡና ነው፤ ቡናው ደግሞ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር። በድሮው ሥርዓት እዚያ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም። ትውፊቱ እንደሚለው አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ላይ ሰብረው ተከሉ። አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ።

ሎሚውን እየቆረጥን ሳለ እናቴ ይህን አነሳች። «ቡናና ሎሚ እኮ ከአንድ በትር የወጡ ናቸው» አለች። «ቡናው ያመጣውን እዳ ወንድሙ ቢከፍል ምን ይገርማል?» እዳውን ያመጣው ውሃው እንጂ ቡናው አልነበረም። ግን አላረምኳትም። ወንድማማች መሆናቸው ደስ አለኝ።

12 ሎሚ ጨመቅን። የኛ ሎሚ ትንንሽ ስለሆነ ነው ይህን ያህል የፈለገው። ፍሬውና ጭማቂው ውስጥ ያለው ሥጋ ሌላ መደፈኛ እንዳይሆን በንጹህ ሻሽ ሁለት ጊዜ አጠለልነው። እኩል ውሃ ቀላቀልንበት። ቱቦውን መልሼ አጠበቅሁ፤ የታችኛውን ክዳን ገጠምኩ። ያለ ቡና አስነሳሁት። ግማሹ ሲወጣ አጠፋሁትና ግማሽ ሰዓት ተውኩት። ሆዱ ውስጥ ሲንጫጫ ይሰማል።

ቀሪውን ስናስነሳ የወጣው ውሃ ቢጫ ነው፤ ውስጡ ነጭ ፍርፋሪ ሞልቷል። እንደገና ሌላ ሎሚ፣ እንደገና ግማሽ ሰዓት። ሦስተኛው ላይ ፍርፋሪው ቆመ። ከዚያ ሦስት ጊዜ ንጹህ ውሃ ብቻ አሳለፍንበት። ሎሚ ከሌለ አቼቶ ከእኩል ውሃ ጋር ይሠራል፤ ሽታው እስኪለቅ ግን ከዚያ በላይ መታጠብ አለበት።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። አንዲት ጎረቤታችን ነገሩን ሰምታ «በረኪና ብታደርጉበት ነጭ አድርጎ ያወጣዋል» ብላ ነበር። በረኪና ይህን ድንጋይ አያሟሟውም። በረኪና ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ቡና የሚያልፍበት ዕቃ ውስጥ ጨርሶ አታስገቡት።

ላይኛዋን ማፍሰሻም አወጣኋት። ከቀዳዳዎቿ ግማሾቹ ተደፍነዋል፤ በመርፌ ወጋጋኋቸው። ማጣሪያው ሥር ያለችው ጠብታ የምታቆም ክዳንም በቡና ቅባት ተጣብቃለች። እሷ ካልተከፈተች ቡናው ከላይ ይሞላና ይገነፍላል። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ለቀቀች። የቡና ቅባት ሲቆይ ይበሰብሳል። መጥፎው ጣዕም ከፊሉ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ከዚያ ቡና ጨመርን፣ ቁልፉን ተጫንኩ። ሰዓቴን ያዝኩ። 11 ደቂቃ። ሆዱ ውስጥ አንድ ጠብታ ሳይቀር ወጣ። ጉርርር ያለው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው፣ ውሃው ሲያልቅበት። ያ ጤነኛ ድምፁ ነው።

እናቴ የተማረችው፣ እኔ የተማርኩት

ወቀጣውን አስተካክለናል። ለጀበና ቡና የሚወቀጠው ልም ተደርጎ ነው፤ አተላው ታች ይረጋል። እዚህ ግን ውሃው አንዴ አልፎ ነው የሚሄደው። ስኳር የሚያህል ሸከር ያለ ነው የሚፈልገው። እናቴ ዘነዘናዋን ቶሎ ማስቀመጥ ከብዷት ነበር። «ይሄ እኮ ገና ግማሽ ነው» ትለኛለች። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ለመደች። መጠኑ ለአንድ ሊትር ውሃ 60 ግራም አካባቢ ነው።

ውሃውንም ለውጠናል። ማታ የሻይ ማንቆርቆሪያው ውስጥ አፍልታ ታሳድረዋለች። ከድንጋዩ የተወሰነው እዚያው ይቀራል። ጠዋት ታችውን ሳናማስል የላዩን እንቀዳለን። ማንቆርቆሪያን ማጠብ ማሽን ከመፍታት ይቀላል። ማሽኑን ደግሞ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ በሎሚ እናጥበዋለን። ከገበያ ስትመለስ ሎሚውን ራሷ ይዛ ትመጣለች።

ለእህቴ ስነግራት አንድ ነገር አነሳች። እዚያ ያለው የሷ ማሽን ቡናው ሲወጣ በጣም ያቃጥላል፤ የኛ ለምን እንደዚያ አይሆንም? ይህ ብልሽት አይደለም። ባሕር ዳር ያለችው 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ 100 ድረስ አይጠብቅም። ስለዚህ ማሽኑ ውሃውን ቀደም ብሎ ይገፋዋል። ለጣዕሙ ችግር የለውም። ሲኒው እንዳያበርደው ግን የብርጭቆ ማንቆርቆሪያውንም ሲኒውንም ቀድመን በሙቅ ውሃ እናሞቃለን። ቡናው እንደወረደ ፔርሙዝ ውስጥ ይገባል። የማሽኑ ማሞቂያ ሳህን ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ ይመራል።

መብራት ሲጠፋ መንቀልም አለ። የሚመለሰው መብራት አንዳንዴ በኃይል ነው የሚመጣው። ያኔ የሚሄደው ፊዩዙ ነው። እሱ አንዴ ከተቃጠለ ያንን የጥገና ቤት ልጅ እውነቱን ነው ልለው ነው።

እሁድና በዓል ግን ጀበናው ነው። ይህን ማንም አይነካውም። እናቴ ከፍ ባለ ወንበር ትቀመጣለች፣ ትቆላለች። ከሰሉን የማያያዘውና የማራገበው እኔ ነኝ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ጎረቤቶቻችን ይመጣሉ። አሁን በእውነት ይመጣሉ።

ማሽኑ ከተጠገነ በኋላ ለብዙ ቀን እሷ ስትጠጣ ፊቷን ሳይ ነበር። እንደገና ደብቃኝ ይሆን እያልኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የእናቴ ግን የራሷን በሽታ መደበቅ አልነበረም፣ የእኔንና የእህቴን ልብ መጠበቅ ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን ለመንኳት። «እማዬ፣ ሲበላሽ ንገሪኝ። እኔ የምሰማው ስትነግሪኝ ነው።» እህቴም በስልክ ያንኑ ለመነቻት። መልስ አልሰጠችንም። ሳቅ ብላ ዝም አለች።

ዛሬ ጠዋት ለሥራ ልወጣ ስል ሲኒዋን ቀመሰች። አስቀመጠችው። ቀና ብላ አየችኝ።

«ቀጥኗል» አለችኝ።

ቦርሳዬን ወንበሩ ላይ መልሼ አዲስ አፈላሁ።